የእንሰት ቅጠል ፍራሽ

ዛሬ የልጅ ልጄ በስፖርት ፈተና ከአስር አስር አምጥታ መጣች። ጥያቄው "ወደ ፊት መንከባለልን አብራሪ" ይላል።

"እስቲ ተንከባለይልኝ" አልኳት።

"እማማ፣ እሱን እኮ ጻፍነው እንጂ አልሠራነውም።"

በደርግ ጊዜ ሆሳዕና ከተማ ስንማር ትምህርት ቤታችን የስፖርት ፍራሽ አልነበረውም። አስተማሪያችን እያንዳንዳችን ከጓሮ አንድ እቅፍ የደረቀ የእንሰት ቅጠል እንድናመጣ አዘዙን። የእኔ ቤተሰብ ነጋዴ ስለነበር ጓሮ አልነበረንም፤ እኔ ከአባቴ ሱቅ ባዶ ጆንያዎች ወሰድኩ። ቅጠሉን ጆንያዎቹ ውስጥ ጠቅጥቀን ሰፋናቸው። ስንወድቅበት ይንኮሻኮሻል።

ከክፍሉ ፈሪዋ እኔ ነበርኩ። አስተማሪያችን ማጅራቴን በመዳፋቸው ደግፈው "አገጭሽን ወደ ደረትሽ፤ ይዤሻለሁ" ይሉኛል። አንድ ቀን ተንከባልዬ ስነሳ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቆመዋል። ለካ አልያዙኝም ነበር።

በዚያው ዓመት አስተማሪያችን ወደ ጦር ግንባር ዘመቱ። አልተመለሱም።

ዛሬ ፍራሼን መሬት ላይ አውርጄ ለልጅቷ ላሳያት ሞከርኩ። ወገቤን ባትጠይቁኝ ይሻላል።

ከዚያ ማጅራቷን ደግፌ "ይዤሻለሁ" አልኳት። እንደሳቸው መልቀቅ ግን አቃተኝ።

እናንተንስ መጀመሪያ ስትንከባለሉ ማን ነበር የያዛችሁ?