ባዶውን የሚወርድ መኪና

ልጄ ወደ ሰመራ ሲዛወር እኛ አዋሽ ቀረን። እኛ ማለት ምራቴ፣ አራት ዓመት የሞላት የልጅ ልጄ እና እኔ ነን። ወታደር ሲዛወር መጀመሪያ እሱ ይሄዳል፣ ቤት ይፈልጋል፤ ከዚያ የጦር ክፍሉ መኪና ሲመድብ ቤተሰቡ ዕቃውን ጭኖ ይከተለዋል። ይህን ሥርዓት ለሚስቶች የሚያስረዳቸው ሰው የለም፣ እየኖሩ ይለምዱታል። ሟቹ ባለቤቴም ወታደር ነበር። አስራ ሁለተኛ ክፍል በጨረስኩ ዓመት አገባሁት፤ ከዚያ በኋላ ከአንዱ ካምፕ ወደ ሌላው ስዛወር የመረጥኩት ቀን አልነበረም። መኪና መጣ ሲባል ጫንኩ፣ ቆዩ ሲባል ቆየሁ።

ሰመራ የሚከራይ ቤት ጥቂት ነው፣ ፈላጊው ደግሞ ብዙ። ልጄ ከሥራ ሲወጣ እየዞረ ሲፈልግ ቆይቶ በመጨረሻ አንዲት የወሎ ሰው፣ ጨርቅ ነጋዴ፣ በግቢዋ ውስጥ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ልታከራየው ተስማማች። ግን እንዲህ አለችው።

«ቤተሰብ አለኝ ብለው ይገቡና ቤቱ የወንደላጤ መጠራቀሚያ ይሆናል። እኔ ለአቅመ ሔዋን የደረሱ ሴት ልጆች አሉኝ። ሚስትህና ዕቃህ እስከ ጁምዓ ከገቡ ቤቱ ያንተ ነው። ካልገቡ ለሌላ እሰጣለሁ፣ እንዳትቀየመኝ።»

ይህን በስልክ የነገረን እሑድ ነው። ምራቴ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ቤቱ ካመለጠ ሌላ እስኪገኝ እሷ አዋሽ ትወልዳለች፣ እሱ ሰመራ ካምፕ ውስጥ ያድራል። እኔን ያሳሰበኝ ይህ ብቻ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ፀሐይ ሳትበረታ ወደ ልጄ ክፍል ሄድኩ። መኪና የሚመድበው ሃምሳ አለቃ ወንበር ሰጠኝ።

«እናቴ፣ መኪናው ይኖራል» አለ። «ግን ለአንድ ቤተሰብ ያን ሁሉ መንገድ አይንቀሳቀስም። ባሏ ከልጅዎ ጋር ከተዛወረው ጎረቤትዎ ጋር አንድ ላይ ነው የምትጫኑት። እሷ ስትዘጋጅ እናንተም ትሄዳላችሁ።»

«እሷ መቼ ትዘጋጃለች?»

«ልጇ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሲጨርስ ነዋ። በሚመጣው ሳምንት ነው።»

«እስከዚህ ዓርብ እንዲሆን ብንለምንስ?»

«አይሆንም፣ እናቴ። ልዋሽዎት አልችልም።»

ስላልዋሸኝ አመስግኜው ወጣሁ። በዕድሜዬ «ነገ፣ ነገ» ያሉኝ ብዙዎች ናቸው።

ቤት ስመለስ ምራቴ ሰሃኖቹን በአሮጌ ልብስ እየጠቀለለች ነበር። የሰማሁትን ነገርኳት።

«አከራይዋ ትራራ ይሆናላ፣ እማዬ» አለች።

ልጄ ደወለላት፣ አልራራችም። ምራቴ ልጇን ይዛ በአውቶቡስ ቀድማ ብትገባስ ብዬም አሰብኩ። ነገር ግን ሴትየዋ የጠየቀችው ሚስትና ዕቃ ነው። ደግሞስ ነፍሰ ጡር ሴት አልጋና የውሃ በርሜል በሌለበት ቤት፣ በዚያ ሙቀት እንዴት ትሰነብታለች? ዕቃውንስ በኋላ ማን ሊያመጣው ነው?

አዋሽ መንገድ ዳር የኖረ ሰው መኪናን በድምፁ ይለያል። ከወደብ የሚመጣው ተጭኖ ነው፣ እያቃሰተ ያልፋል። ወደ ወደብ የሚወርደው አብዛኛው ባዶ ነው፣ ተሳቢው እየተንኳኳ ይሄዳል። ቀኑን ሙሉ በበራችን የሚያልፉት እነዚያ ባዶ መኪኖች ሁሉ ሰመራን አቋርጠው ነው የሚሄዱት። ለምን አንዱ የእኛን ዕቃ አይወስድም?

ማታውን ለልጄ ደወልኩ።

«እማዬ፣ የመንግሥት መኪና እያለ በማናውቀው ሹፌር ዕቃችንን ልንልክ ነው?»

«የመንግሥት መኪና ለዓርብ አይደርስም።»

«አንዴ በራሳችን ከሄድን ከተራው እንሰረዛለን። በኋላ ተመልሰን ስጡን አንልም። መንገድ ላይ የሆነ ነገር ቢጠፋም የሚጠየቅልን የለም።»

«በክፍሉ መኪና ስሄድስ የተሰበረብኝን ማን ተጠይቆልኝ ያውቃል?»

ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ስንት ጊዜ ተዛውረሻል፣ አንድ ቀን በራስሽ ተጉዘሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ።

«አላውቅም። ለዚህ እኮ ነው የምልህ። አንተ የተወለድከው መኪና ስንጠብቅ ነው። አባትህ መጀመሪያ ያየህ ስትራመድ ነው።»

ይህን ነግሬው አላውቅም ነበር።

«እሺ፣ እንዳልሽ ይሁን» አለ።

ጎረቤታችን ወሬውን የሰማችው ከማን እንደሆነ አላውቅም፣ ማክሰኞ ጠዋት በራችን ላይ ቆማ ነበር። እሷም የወሎ ሰው ናት፤ ባሏ ከልጄ ጋር አብሮ ነው የተዛወረው። ምላሷ የማያርፍ፣ ልቧ ግን ደግ የሆነ ሴት ናት።

«እማማ፣ ጥላችሁኝ ልትሄዱ ነው አሉ።»

«ልንሄድ ነው።»

«ጥላችሁኝ የሚለውን አልፈሽዋል!»

«አላለፍኩትም። ግቢና ተቀመጪ።»

«ወላሂ አልቀመጥም። እናንተ ከሄዳችሁ ለእኔ ብቻ መኪና ማን ይልካል? እዚሁ ቁጭ እንዳልኩ ይሄ ልጄ ራሱ ወታደር ሆኖ ይዛወርልኛል!»

እውነቷን ነው። የሁለት ቤት ዕቃ ሲሆን የሚመጣ መኪና ለአንዷ አይመጣም። እኛ ስንሄድ የምንጎዳው እሷን ነበር። ስለዚህ ሐሳቤን ሁሉ ነገርኳት። ተሳቢ ያለው መኪና ሰፊ ነው፣ የሁለታችን ዕቃ ግማሹን እንኳ አይሞላውም። አልጋዋን፣ ፍሪጇን፣ ከባድ ከባዱን ከእኛ ጋር ትጫን። እሷና ልጇ ፍራሽና አንድ ድስት አስቀርተው ፈተናው እስኪያልቅ ይቆዩ። ከዚያ በአውቶቡስ መምጣት ነው።

«በአንድ ድስት?» አለች።

«በአንድ ድስት።»

ፊቷን አዙራ ሄደች። ተቀይማ የሄደች መስሎኝ ነበር። ረቡዕ ጠዋት የአልጋዋን እግር ፈትታ፣ ተሸክማ መጣች።

«ሌሊቱን ሳስበው ሳስበው፣ ዕቃው ይቅደመኝ አልኩ» አለች። «ባሌ እኔን ቢረሳኝ ፍሪጁን አይረሳውም።»

ከሰዓት በኋላ ሹፌሮች የሚመገቡበት ቤት ሄድኩ። ምራቴ «እኔ ልሂድ» ብላ ነበር፣ እንደምታፍር ስለማውቅ አስቀረኋት። እኔም እንዲህ ያለ ቦታ አልለመድኩም። ነጠላዬን አጣፍቼ በሩ ላይ ቆምኩ።

«ልጆች፣ ባዶውን ወደ ታች የሚወርድ አለ?»

ጨዋታቸውን አቆሙ።

«እማማ፣ ጅቡቲ ዘመድ አለዎት እንዴ?» አለኝ አንዱ። ሳቁ።

«ሰመራ ይበቃኛል። የሁለት ቤት ዕቃ አለኝ።»

«አብረው ይጓዛሉ ወይስ ከዕቃው ጋር አስረን እንጫንዎት?»

«ወንበር ካለህ ጋቢና፣ ከሌለህ እሰረኝ።»

ከሁሉም በላይ የሳቀው አንገቱ ላይ ፎጣ የጣለ ወፍራም ሹፌር ነበር፤ ሥራውን የያዘውም እሱ ሆነ። ንግግሩ አጭር ነው። ሊነጋ ሲል ይነሳል። ተሳቢ ይዞ ጠባብ መንገድ አይገባም፤ ዕቃው ታስሮ አስፋልቱ ዳር ይጠብቀው። ካልጠበቀው ቆሞ አይጠብቅም። ስለ ዋጋውም ተነጋገርን፣ የጠየቀው ከአቅማችን በላይ አልሆነም።

ሐሙስ ገና ሳይነጋ የሁለት ቤት ዕቃ መንገድ ዳር ተደርድሮ ነበር። መኪናው መጥቶ መብራቱ ሲያርፍበት ያነሰ መሰለኝ። የመኪናው የጎን መከለያ፣ ስፖንዳው፣ ቁመቱ ከእኔ ይበልጣል። የቀጠርናቸው ጫኞች አንዱን ፍሪጅ ሊያስተኙት ሲሉ ከለከልኳቸው።

«ፍሪጅ ቆሞ ነው የሚሄደው። ጋቢናው ጀርባ አስጠግታችሁ እሰሩት፣ ፍራሹን መሃል አድርጉ።»

«ኧረ እማማ፣ ከወታደር በላይ አዘዙን!» አለ ሹፌሩ።

«የወታደር እናት ነኝ፣ ሚስትም ነበርኩ። ገመዱን አጥብቅ።»

ምራቴና ልጅቷ በአውቶቡስ ሄዱ። እኔ ጋቢና ገባሁ፤ ስሳፈር ጎረቤቴ ከታች ገፋችኝ፣ ሹፌሩ ከላይ ጎተተኝ። አዋሽ አርባን ስናልፍ ፀሐይ ወጣች። ሹፌሩ ለመንገድ የሚሆን ወሬ አያጣም። ሚስቱ ሦስት ቤት ስትቀይር እሱ አንድም ጊዜ አብሯት አልነበረም።

«ከጉዞ ስመለስ ደውዬ፣ አሁን ደግሞ የት ነው የምንኖረው? እላታለሁ» አለ።

«እሷ ምን ትልሃለች?»

«መጀመሪያ ማነህ? ትለኛለች።»

አዳይቱ ስንደርስ ሸራው በነፋስ ተፈትቶ እየተርገበገበ ነበር። ወርዶ አሰረው። እኔም ወርጄ ዕቃውን ዞሬ አየሁ። ከፍሪጁ ውስጥ የሚንኮሻኮሽ ነገር ይሰማል፤ ጎረቤቴ ማንኪያዎቿን ሁሉ ውስጡ ሞልታበት ኖሯል። ሎጊያ ላይ ጎማ ሊያሳይ ቆመ፣ ጥላ ፈልጌ ጠበቅሁት። ያ ሙቀት ለአሮጊት የሚመከር አይደለም። ሰመራ የገባነው ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር ነው።

ምራቴ ቀድማ ደርሳ ከአከራይዋ ጋር ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ሴትየዋ በደህና ተቀበለችኝ፣ ውሃ አመጣችልኝ። የሰመራ ጫኞች ዕቃውን ማውረድ ሲጀምሩ በረንዳዋ ላይ ቆማ ታያለች። አንድ አልጋ፣ አንድ ፍሪጅ። ሌላ አልጋ። የልጅ አልጋ። ሌላ ፍሪጅ።

«ቆዩ፣ ቆዩ!» አለች። «ይሄ የስንት ቤተሰብ ነው?»

ስለ ጎረቤታችን ነገርኳት።

«ሁሉም ጎረቤት ነው ይላሉ። ዛሬ አልጋው ይመጣል፣ ነገ ባለ አልጋው። ከነገ ወዲያ ግቢዬ ካምፕ ነው። እናቴ፣ ያልኩት አንድ ቤተሰብ ነው።»

ጫኞቹ ፍሪጁን እንደያዙ ቆሙ። ምራቴ አየችኝ። ቤቱን ለማግኘት ያሰብኩት መላ ቤቱን ሊያሳጣን ነበር። በሴትየዋ አልፈረድኩም፣ ሌሎች ያታለሏት ሴት ናት። ስልኬን አውጥቼ ጎረቤቴ ጋ ደወልኩና «አከራያችንን አነጋግሪያት» ብዬ ለሴትየዋ ሰጠኋት። የጎረቤቴ ድምፅ ጆሮ ላይ ሳያስጠጉትም ይሰማል።

«አሰላሙ አለይኩም፣ እህቴ!»

«ወአለይኩም ሰላም። አንቺ ነሽ ዕቃሽን ሰው ቤት የምትልኪው?»

«እኔ ነኝ። ፈተና ላይ ሆኜ ነው።»

«አንቺ ነሽ የምትፈተኚው?»

«ወላሂ ከልጁ የባሰ የምፈተነው እኔ ነኝ! እሱ ተኝቷል፣ እኔ እያነበብኩ ነው።»

አከራይዋ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፣ ትከሻዋ ግን ሲስቅ ታየኝ። አገሯን ጠየቀቻት። ወንዝ ለወንዝ የሚጎራበቱ ሰዎች ሆነው ተገኙ። የሁለት አጎቶችና የአንድ ገበያ ወሬ እስኪያልቅ ጫኞቹ ፍሪጁን መሬት አሳርፈው ተቀመጡ።

ስልኩን ስትመልስልኝ ፊቷ እንደ ነጋዴ ሆኖ ነበር።

«እናንተ ግቡ። የእሷ ዕቃ ግን የተከራያችሁት ቤት ውስጥ አይገባም፣ እኔ በረንዳ ላይ ይቆይላታል። ፈተናው አልቆ ካልመጣች አወጣዋለሁ። ፍሪጁ ፀሐይ ስለማይስማማው እኔ ክፍል ይግባ።»

ተስማማሁ። በማግስቱ ፍሪጁ ተሰክቶ ነበር። በበረዶ የቀዘቀዘ ውሃ በማሰሮ ስትልክልን ጎረቤቴን ደውዬ ነገርኳት።

«ማንኪያዎቼስ?» አለች።

ልጄ የመጣው ዕቃው በወረደበት ሐሙስ ማታ፣ ከሥራ ሲወጣ ነው። በሩ ላይ ቆሞ ዕቃውን በዓይኑ ዞረው።

«የተሰበረ አለ?»

«ሁለት ብርጭቆ።»

ልጁን አቅፎ ሳማት፣ ሚስቱን ደህንነቷን ጠየቀ። ከዚያ ሸሚዙን አውልቆ አልጋውን መግጠም ጀመረ። ብሎን እያጠበቀ፣ ፊቱን ሳያዞር፣ «ለሃምሳ አለቃው ደውዬ ነበር። ተራችንን ለሌላ ቤተሰብ ስጡት አልኩት» አለኝ። ስለ ውሳኔው ከዚያ በላይ አልተነጋገርንም።

ጎረቤታችን ፈተናው ባለቀ በሦስተኛው ቀን መጣች። ባሏ እኛ ሰፈር አቅራቢያ ቤት አግኝቶላት ነበር። አከራያችን ፍሪጁን ስታወጣላት ቅር ብሏት ነበር፣ አልደበቀችውም።

ምራቴን ምጥ የያዛት ነሐሴ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። ሆስፒታል እኔ ከእሷ ጋር ውስጥ ነበርኩ። ልጄ ዩኒፎርሙን ሳያወልቅ ሮጦ ደርሶ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። ነርሷ ሕፃኑን ጠቅልላ በሩን ከፈተችና፣ «አባት የት አለ?» አለች።

«እዚህ ነኝ» ሲል ሰማሁት።