የሀ እና የሃ ገመድ

ልጅ ሳለሁ ከአባቴም አስበልጬ የምወዳቸው ሰው ጋሽ ተካ ነበሩ፤ ዛሬ ስማቸው ሲነሳ ያንገሸግሸኛል። አንቱ ማለቱን ያልተውኩት አፌ ስለለመደ ብቻ ነው። የምንኖረው ቂርቆስ፣ ከቤተክርስቲያኑ ጀርባ፣ ስድስት ቤተሰብ አንድ ቧንቧ በሚጋራበት ግቢ ውስጥ ነበር። ጋሽ ተካ ቀን ቀን ካዛንቺስ ሆቴሎቹ በር ላይ ላዳቸውን አቁመው ደንበኛ ይጠብቃሉ፤ ሲመሽ ደግሞ ደጃቸው ዱካ ላይ ተቀምጠው ለእኛ ለግቢው ልጆች ተረት ያወራሉ። ያኔ መብራት በጠፋ ቁጥር ደስ ይለን ነበር፤ ፋኖሱ ይለኮሳል፣ የከሰሉ ምድጃ ይወጣል፣ የእሳቸው ድምፅ ዝቅ ይላል፣ እኛም ተጠጋግተን ተቀምጠን ጅብ በመጣ ቁጥር እንጮኻለን። የጋዙ ሽታ ፀጉሬ ውስጥ ገብቶ እስከ ጠዋት ይቆይ ነበር።

አንድ ክረምት ላዳዋ ጠዋት ጠዋት አልነሳም አለች። ጋሽ ተካ ኮፈኑን ከፍተው የካንዴላ ገመዶቹ የሚሰኩበትን የዲስትሪቢዩተር ክዳን አነሱና አዩት፤ ውስጡ አረንጓዴ ዝገት ይዟል፣ ጎኑ ላይ ደግሞ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አለች። በዚያች ስንጥቅ እርጥበት እየገባ ነው እሳቱ ካንዴላው ጋ የማይደርሰው። አዲስ ክዳን ገዙና እሁድ ከሰዓት፣ ግቢው በር ላይ፣ ጎረቤት ሁሉ ቆሞ እያያቸው ሊገጥሙት ተነሱ።

ሥራው እኮ ቀላል ነው፤ አዲሱን ካሮጌው ጎን ይዞ ገመዱን አንድ በአንድ ማዛወር ነው። እሳቸው ግን ሰው ፊት ነገር ማሳጠር ይወዱ ነበርና አራቱንም ባንዴ መንቀል ፈለጉ። ለምልክት እኔን ጠሩኝ፤ አራተኛ ክፍል ነበርኩ፣ የእጅ ጽሑፌም ይመሰገናል። በየገመዱ ላይ ፕላስተር ለጥፌ፣ በአሮጌውም ክዳን ላይ በየቀዳዳው አጠገብ በጠመኔ፣ ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ ብዬ ጻፍኩ። በቁጥር ላድርገው ብላቸው «ቁጥር ለሂሳብ ነው፤ የራሳችን ፊደል እያለልን» አሉ፣ ሰዉም ሳቀ።

አዲሱን ክዳን ቦታው አስቀምጠው በሁለቱ መቆንጠጫዎች አሰሩት። ከዚያ እሳቸው ገመድ እያነሱ ፊደሉን ያነባሉ፣ እኔ አሮጌውን ክዳን ይዤ ቦታውን አሳያለሁ። «ሀ» አሉኝ። ፕላስተሩን ቀና ብዬ አላየሁም፤ ዓይኔ ያረፈባትን ሃ አሳየኋቸው። ለጆሮ ምን ልዩነት አላቸው? በኋላ ሌላኛዋን ሲጠሩ የቀረውን ቀዳዳ ጠቆምኩ፤ የመጀመሪያውና የአራተኛው ገመድ ቦታ ተለዋወጡ፣ እኔም እሳቸውም አላስተዋልንም።

ቁልፉን ከማዞራቸው በፊት እትዬ አለሚቱ ከሥራ ገቡ። ሸክላ ሠርተው ቤተክርስቲያኑ አጥር ሥር የሚሸጡ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ጎረቤታችን ነበሩ፤ ቤታቸው ስገባ ቆሎ ሳይዘግኑልኝ አያስወጡኝም። ጎንበስ ብለው አዩና «ተሠራችልህ ተካ? ስታምር» አሉ። ጋሽ ተካ ቁልፉን አዞሩ። ላዳዋ ተንዘፈዘፈች፣ ጭስ ተፋች፣ እንደ ጥይት ጮኸችና ጠፋች። ደግመው ሞከሩ፣ ያው ነው። ያ ሁሉ ሰው ቆሞ ያያል። ፊታቸው ጠቆረ፤ ከዚያም ድምፃቸውን ልክ እንደ ተረቱ ጊዜ ዝቅ አድርገው «ይቺ ሴትዮ እኮ አየቻት» አሉ።

በቃ፣ ያሉት ይቺኑ ነው። ቡዳ የሚለውን ቃል መጨመር አላስፈለጋቸውም፤ ሸክላ ሠሪ በምን እንደሚጠረጠር ግቢው ያውቃል። እናቶች ልጆቻቸውን ወደ ቀሚሳቸው ሳቡ። እትዬ አለሚቱ ነጠላቸውን አስተካክለው ቤታቸው ገቡ።

በማግስቱ ጠዋት ውኃ ልቀዳ ስወጣ ጋሽ ተካ ኮፈኑ ሥር ነበሩ። ሁለቱን ገመዶች አቀያየሩ፣ ቁልፉን አዞሩ፣ ላዳዋ ያለ ምንም ችግር ተነሳች። ዘወር ሲሉ አዩኝና ሳቁ። «ሀ እና ሃ ተምታተውብን ነው ለካ። በይ ምስጢር ነው፣ የኔ ቆንጆ» ብለው ከረሜላ ሰጡኝ።

«እትዬ አለሚቱ አይደሉማ?» አልኳቸው።

«ሰዉ አንዴ አምኗል። አሁን እኔን መሳቂያ ልታደርጊኝ ነው?»

ከረሜላውን በላሁት። እውነቱን ለመናገር ጣፈጠኝ፤ እስካሁን የሚቀፈኝም እሱ ነው።

የዚያን ዕለት ምሽት ተረቱ ጅብ እየሆነች የመኪና እሳት ስለምትልስ አንዲት ሸክላ ሠሪ ነበር። ፋኖሱ ፊታቸውን ከታች ያበራዋል፣ የፍሙ ወላፈን ጉልበታችንን ያሞቀዋል፣ ከጭቃው ግድግዳ ወዲያ ደግሞ የእትዬ አለሚቱ ክፍል ነው፤ አንድ ቃል አያመልጣቸውም። ጋሽ ተካ ይህን ያውቃሉ። እኔም አውቃለሁ፣ ግን ጅቧ ስትመጣ ከሁሉም በላይ የጮህኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲያ የግቢው ሴቶች፣ እትዬ አለሚቱ ውኃ በቀዱ ቁጥር ቧንቧውን በአመድ ማሸት ጀመሩ። እናቴም ቆሏቸውን እንዳልቀበል ከለከለችኝ። ሳይቆይ እትዬ አለሚቱ ዕቃቸውን በጋሪ ጭነው ወደ ጎተራ በኩል ሄዱ፤ በሩ ላይ ስንገናኝ አንገቴን ደፋሁ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ጋሽ ተካ ሞቱ። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ተረታቸውን እያነሳ ያለቅሳል፣ ይስቃል። «አንቺ እኮ ከእግራቸው ሥር አትጠፊም ነበር፣ እስቲ አንድ አጫውቺን» አሉኝ። ልቤን አጽንቼ ገመዶቹን፣ ከረሜላውን፣ የቧንቧውን አመድ ሳይቀር ነገርኳቸው። እየተናገርኩ ድምፄ ዝቅ እያለ ሲሄድ ሰማሁት፤ የእሳቸው አወራር ነበር፣ ራሴን ጠላሁት። ስጨርስ ሰዉ ሁሉ ሳቀ። ሴት ልጃቸው እንባዋን እየጠረገች «አባዬ እኮ እንዲህ ነበር» አለች። አጠገቤ የተቀመጠ ወጣት ደግሞ ጠጋ ብሎ «ቆይ ግን፣ ሴትዮዋ የምር ቡዳ ነበረች?» ሲል በሹክሹክታ ጠየቀኝ።

ያኔ በአሥር ዓመቴ፣ ያ ጋሪ ሲጫን በሩ ላይ ቆሜ አንድ ቃል ተናግሬ ቢሆን እትዬ አለሚቱ ይሰሙኝ ነበር። አሁን የሚሰሙኝ ሁሉ ተረት የጠየቁኝ ናቸው።