እህቴ ትልቁን ጎማ ልትወጣ የሄደች ዕለት

ታላቅ እህቴ ከአረብ አገር የተመለሰችው ቀኝ እግሯ እንደ ዱላ ደርቆ ነው። በምትሠራበት ቤት ምንጣፍ ተሸክማ ደረጃ ስትወርድ ወደቀች። ጭኗና ጉልበቷ ተሰበረ፤ እዚያው ሐኪም ቤት ብረት አስገቡላት። ጀሶው ሲፈታ ግን ጉልበቷ አልታጠፍ አለ። አሠሪዎቿ የአውሮፕላን ቲኬት ቆርጠው፣ ሁለት ክራንች አስይዘው ላኳት። ስትሄድ እኔ ገና ተማሪ ነበርኩ። ስትመለስ ደብረ ታቦር ላይ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋሁ የማድር ሴት ሆኜ ጠበቅኋት።

ወላጆቻችን የሚኖሩት ገሳይ አጠገብ ነው፤ ከአስፋልቱ ወርዶ በማሳ መሃል በእግር ይኬዳል። ያ መንገድ በክረምት ጤነኛውንም ይጥላል። ስለዚህ ሐኪም ቤት ይቅረባት ተባለና እኔ በተከራየኋት አንዲት ክፍል አብረን መኖር ጀመርን። አልጋውን ለእሷ ለቅቄ እኔ ፍራሽ መሬት ላይ አነጥፍ ነበር።

ድሮ ከገበያ ስንመለስ ዳገቱን ሁላችንንም ቀድማ ጨርሳ፣ አናቱ ላይ ቁጭ ብላ «ምነው፣ አረጃችሁ እንዴ?» እያለች የምትስቅብን እሷ ነበረች። አሁን ከደጃፉ አትወጣም። በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ትቀመጥና እግሯን ቀጥ አድርጋ ዘርግታ፣ እኔ የሰፋሁትን ዩኒፎርም ትርፍ ክር ትቆርጥልኛለች። ሳናግራት ትመልሳለች፤ ካላናገርኳት ግን ቀኑን ሙሉ ዝም ማለት ትችላለች።

አንድ ቀን የግቢያችን ተከራይ የሆነች ልጅ ባሕር ዳር ደርሳ መጣችና በስልኳ የቀረጸችውን አሳየችን። የመዝናኛ ቦታ ነው። ሰው አሳፍሮ ወደ ሰማይ የሚዞር ትልቅ ጎማ አለ፤ ወንበሮቹ በመብራት አሸብርቀዋል። እህቴ ስልኩን ተቀብላ ደጋግማ አየችው። ልጅቷ ከሄደች በኋላ፣

«ይቺን ነገር ልወጣት እፈልጋለሁ» አለችኝ።

የቀለደች መስሎኝ ሳቅሁ። «ከሕፃናት ጋር?»

«ትልልቅ ሰዎችም እኮ አሉበት። እዚያ አረብ አገር እንዲህ ያለ ቦታ ስንት ጊዜ ሄጃለሁ መሰለሽ፣ የአሠሪዎቼን ልጆች ይዤ። ከዚህ በጣም የሚበልጥ ጎማ አላቸው። አንድም ቀን አልተሳፈርኩበትም።»

ከተመለሰች ወዲህ እፈልጋለሁ የሚል ቃል ከአፏ ስሰማ ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ስፌቴን አቆምኩና «እንሄዳለን» አልኳት።

እንዴት እንደምንሄድ ግን ሁለታችንም አናውቅም ነበር። ክራንቹ በግቢው ውስጥ ይበቃታል፤ ከአልጋዋ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ ሽንት ቤት። ለመለማመድ ብለን ከግቢ ወጥተን በኮብልስቶኑ ቁልቁል ስንሄድ ግን፣ የሰፈሩ ሱቅ ጋ ሳንደርስ እጆቿ መንቀጥቀጥ ጀመሩ። ማታ ልብሷን ሳወልቅላት ብብቷ ተልጦ አየሁት። እዚያ መናፈሻ ውስጥ ቀኑን ሙሉ እንዴት አድርጋ ትቆማለች?

ቅዳሜ እናታችን ለገበያ ስትመጣ ምርኩዝ ይዛ መጣች። አባታችን ከወይራ ቆርጦ፣ ጠርቦ፣ ቅቤ ቀብቶ አለስልሶ የላከው ነው። እህቴ ተቀብላ ሳመችው። ከአልጋ ለመነሳት በጣም ጠቀማት፤ ለመንገድ ግን የማይታጠፍ እግር አንድ ምርኩዝ አይበቃውም። ለእናቴ ወዴት ልንሄድ እንዳሰብን ስነግራት አገጯን ይዛ ቀረች።

«የታመመ ሰው ጠበል ይሄዳል እንጂ ጨዋታ ቦታ ይሄዳል?»

«ጠበሉንም ተጠምቄያለሁ፣ እማዬ» አለች እህቴ። «አሁን ደግሞ ይሄንን ልሂድ።»

እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሳች። ስትወጣ ግን በሩ ላይ ወደ እኔ ዞር ብላ ቀስ ብላ «እንዳትጥያት» አለችኝ።

ሐኪም ቤት እግሯን እንቅስቃሴ የምታሠራት ባለሙያ ከእህቴ በዕድሜ የምታንስ፣ ፈገግታ የማያጣት ሴት ነበረች። ሐሳባችንን ስንነግራት ጉዳዩን የራሷ አደረገችው። በመጀመሪያ ባለ አራት እግሩን የብረት መደገፊያ አዋሰችን። እሱ ለስላሳ ወለል ላይ ደኅና ነው፤ በእኛ ሰፈር መንገድ ግን እግሮቹ በድንጋዮቹ መሃል እየተሰነቀሩ እህቴን መንገድ ላይ ገተሯት። ከኋላዋ በግ የሚነዳ ሰው መጥቶ በጎቹ በግራና በቀኝ ከበቧት። ከብዙ ጊዜ በኋላ ድምፅ አውጥታ ስትስቅ የሰማኋት ያን ጊዜ ነው።

ባለሙያዋ መደገፊያውን ስንመልስላት «እንግዲያው ዊልቸር ነው የሚሻላችሁ» አለች።

የእህቴ ፊት ወዲያው ጠቆረ። «እኔ ገና በእግሬ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ወንበሩ መራመድ ስላቃተሽ አይደለም። እዚያ ሳትደርሺ እንዳትደክሚ ነው። ጉልበትሽን ለጎማው አስቀምጪው።»

«ጉልበቴንማ ማን ሰጠኝ» አለች እህቴ፤ ሦስታችንም ሳቅን። እሺ ያለችው ግን ሳምንት ቆይታ ነው፤ ክራንቿን እንደያዘች፣ ደረጃ ካጋጠማትም በራሷ እንደምትወጣ ቃል አስገብታኝ።

ወንበሩን አካል ጉዳተኞችን የሚረዳ አንድ ማኅበር አዋሰን። የእግር ማሳረፊያው ጉልበቱ ለሚታጠፍ ሰው የተሠራ ስለሆነ የእሷ እግር አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። የጎረቤታችን ባል አናጺ ነው፤ ከመቀመጫው ሥር ወደ ፊት የሚወጣ ጣውላ ገጠመላት፣ ሲፈለግ የሚነቀል። እኔ ደግሞ ከዩኒፎርም ቁርጥራጭ ሰማያዊ ትራስ ሰፍቼ ጣውላው ላይ አሰርኩበት። ግቢው ውስጥ ተቀምጣበት አንድ ዙር ገፋኋት።

«ነጠላዬን ባለብሰው ጣውላው ይሸፈናል?» ብላ ጠየቀችኝ።

«ይሸፈናል» አልኳት።

መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት ከርሞ፣ ክረምቱ ወጥቶ መስኩ በአደይ አበባ ቢጫ ሆኖ ሳለ አንድ እሑድ ሄድን። የሚኒባሱ ሹፌር ጋቢናውን ሰጣት፤ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፍቶ እግሯን እንድትዘረጋ አደረገላት። ዊልቸሩ ታጥፎ ላይ ታሰረ። ከደብረ ታቦር ብርድ ወደ ወረታ ስንወርድ ሙቀቱ ተቀበለን፤ ጋቢዋን አውልቃ ወደ ኋላ አቀበለችኝ። የፎገራን የሩዝ ማሳ እያየች ከሹፌሩ ጋር ትጫወታለች፤ ስለ ሩዝ አበሳሰል ስትከራከረው ሰማኋት። ከኋላ ሆኜ ማተቧን፣ ለመንገዱ ብላ የተሠራችውን ሹሩባ አያለሁ። እህቴ ተመለሰችልኝ ብዬ አሰብኩ።

ባሕር ዳር ከመናኸሪያ በባጃጅ ሄድን። እግሯ በጎን በኩል ወደ ውጭ ስለወጣ ሹፌሩ እንቁላል እንደጫነ ሰው ቀስ ብሎ ነዳልን። መናፈሻው በቤተሰብ ተሞልቷል። መንገዱ ልስን ስለሆነ እኛ ሰፈር ሲያንገጫግጫት የነበረው ወንበር እዚህ ያለ ችግር ተንሸራተተ። ጎማው ከዛፎቹ በላይ ሲዞር ገና ከሩቅ ይታያል። አንገቷን ቀና አድርጋ አየችው።

ከጎማው አጠገብ ዛፍ ጥላ ሥር አቆምኳትና ትኬት ልቆርጥ ሄድኩ። ሰልፉ ረጅም ነበር። ስመለስ ጭኗ ላይ የሴት ቦርሳ፣ የሕፃናት ጫማ፣ ጃኬትና የውሃ ኮዳ ተቆልሎ አገኘሁት።

«ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?»

«አደራ ብለውኝ ነው። እስኪወርዱ ድረስ።»

ደሜ ፈላ። «አንቺ ዕቃ ማስቀመጫ ነሽ? ማናቸው? የታሉ?»

«ተዪ፣ የኔ እናት» አለች። «እዚያም እኮ ሥራዬ ይኸው ነበር። ልጆቹ ሲጫወቱ ጫማቸውን አቅፌ እጠብቃለሁ። እዚያ ፀሐይ ላይ ቆሜ ነበር፤ ዛሬ ቢያንስ ተቀምጫለሁ።»

ፈገግ ብላ ነው የነገረችኝ። የትንሹን ልጅ ጫማ ማሰሪያ በጣቷ እየፈታች ታስራለች። ያን ሁሉ ዓመት ስልክ ስትደውል ደኅና ነኝ፣ ዛሬ ልጆቹን ይዘን ተዝናናን ትለን ነበር፤ እኛም እሷም የተዝናናች ይመስለን ነበር። ፊቴን ወደ ዛፉ አዞርኩ። ባለ ዕቃዎቹ ወርደው መጡ፤ አመሰገኗት። አንዷ ሴት ለልጇ ከያዘችው ብስኩት አንድ እሽግ ጭኗ ላይ ጣል አድርጋላት ሄደች። እህቴ ብስኩቱን አየችው፤ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ተራችን ደረሰ። ጎማውን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ጠና ያለ ነው። እህቴን ሲያይ ጎማውን ጨርሶ አቆመው። ከዊልቸሩ ተነሳች፣ ክራንቾቿን ያዘች፣ የብረቱን ደረጃ እንዳለችው በራሷ ወጣች። ሰልፈኛው ሁሉ ያያታል። ወደ ወንበሩ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች፤ እኔም ከጎኗ ገባሁ። ሰውዬው ከፊታችን የሚዘጋውን ብረት ሳበው። የእህቴ እግር ላይ ደርሶ ቆመ።

«ልጄ፣ ትንሽ እጠፊው» አላት ሰውዬው።

«አይታጠፍም።»

በጎን እንድትቀመጥ ሞከርን፤ ቦታው አይበቃም። ወደ ላይ አንሥተን ከብረቱ በላይ ልናሳልፈው ሞከርን፤ ከወገቧ ጀምሮ አመማት። በመጨረሻ ሁለት እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ በሙሉ ክብደቷ ተጫነችው። ፊቷ ላብ በላብ ሆነ። እጆቿን ይዤ አስተውኳት።

«እግሯን እኔ ደግፌ እይዝላታለሁ፣ ጋሼ» አልኩት።

«ልጄ፣ ብረቱ ሳይዘጋ ላነሳት አልችልም» አለ። ድምፁ ራሱ ልመና ይመስል ነበር። «ከላይ ስትሆን አንድ ነገር ብትሆንስ? የገዛ ልጄም ብትሆን አላነሳትም።»

ሰውዬው ክፉ አልነበረም። ክራንች ይሁን ወይስ ወንበር፣ ምርኩዝ ይሁን ወይስ መደገፊያ ብለን ያን ያህል ስንመርጥ ከረምን፤ ከደብረ ታቦር እስከ ጎማው ሥር በደኅና አድርሰናታል። ከዚያ በኋላ ላለችው አንዲት ስንዝር የሚሆን ነገር ግን የትም ብንፈልግ አናገኝም ነበር።

«ይቅር» አለች እህቴ። ደረጃውን መውረድ ከመውጣቱ ባሰባት፤ በጀርባዋ ነው የወረደችው። ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን በእግሯ ላይ ካስተካከለች በኋላ ትኬቱን ይመልስልን እንደሆነ ልጠይቅ ስል እጄን ያዘችኝ።

«አንቺ ውጪ። ወጥተሽ ምን እንደሚታይ ትነግሪኛለሽ።»

«ያላንቺ አልወጣም።»

«ለምኜሻለሁ።»

ብቻዬን ወጣሁ፤ እሷ ቦርሳዬን ያዘችልኝ። ወንበሩ ወደ ላይ ሲነሳ ሐይቁን አላየሁም፤ እሷን ነበር የማየው። እያነሰች፣ እያነሰች ሄደች። አናቱ ላይ ስደርስ ቀና ብላ እጇን አውለበለበችልኝ። እንደምትጠይቀኝ ትዝ ሲለኝ ነው ዙሪያዬን ለማየት የቸኮልኩት። ስወርድ ያየሁትን ነገርኳት፤ ሐይቁ ጫፍ የለውም፤ ጀልባዎቹ የተጣለ ቅጠል ይመስላሉ፤ የከተማው ቆርቆሮ በፀሐይ ያብረቀርቃል፤ ዘንባባዎቹ ከላይ ሲያዩአቸው እንደ ጃንጥላ ናቸው። ዓይኗን ጨፍና ሰማችኝ።

ስንመለስ ጋቢናው ውስጥ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ተቀመጠች። ሹፌሩም ሊያጫውታት ሞክሮ ተወው።

በሳምንቱ እናታችን መጣች። ገና ሳትቀመጥ «እህ፣ ወጣሽ?» አለቻት።

«ወጣሁ፣ እማዬ» አለች እህቴ። እኔ የስፌት መኪናዬን አቆምኩ። «ሐይቁ ጫፍ የለውም። ጀልባዎቹ የተጣለ ቅጠል ነው የሚመስሉት።»

«እሰይ! እሰይ ልጄ!» እናታችን እልል አለች፤ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ እመቤታችንን አመሰገነች። እህቴ ወደ እኔ አላየችም። እኔም አንገቴን ደፍቼ መስፋቴን ቀጠልኩ።

ከዚያ በኋላ ባሕር ዳር ያሉ ሐኪሞች ጉልበቷን አይተው ጊዜው አልፎበታል፣ ቢከፈትም አይታጠፍም አሉን። ዊልቸሩን ሌላ ሰው ስለፈለገው ጣውላውን ነቅለን ለማኅበሩ መለስን። በበጋው «አገሬ ልግባ» አለች፤ ወንድ ዘመዶቻችን ከአስፋልቱ እስከ ቤት በየተራ አዝለው አደረሷት። አሁን ወላጆቻችን ቤት ናት። ቤት ውስጥ በአባታችን ምርኩዝ፣ ደጅ በክራንቹ ትንቀሳቀሳለች። ከግቢው አጥር አልፋ አታውቅም። እናታችን እንግዳ በመጣ ቁጥር «እስቲ ያን ሰማይ የወጣሽበትን ንገሪያቸው» ትላታለች፤ እሷም ትነግራቸዋለች።

ባለፈው ለፋሲካ ሄጄ ሁለታችን ብቻ ደጃፉ ላይ ተቀምጠን ባቄላ እንለቅም ነበር። እናታችን ቤተ ክርስቲያን ናት፤ አባታችን ከብቶቹን ሊያጠጣ ወርዷል። ማንም ሳይጠይቃት ጀመረችው።

«ስንነሳ ነፋሱ ነጠላዬን ሊወስደው ነበር» አለችኝ። «በጥርሴ ያዝኩት።»

ያን አልነገርኳትም ነበር። እጄ ባቄላው ላይ ቀረ። ቀና ብዬ ባያት እሷ ማዶ፣ ገብሱ ታጭዶ ወደተራቆተው ማሳ ታያለች።

«አልፈራሽም?» አልኳት።

«ስንነሳ ብቻ። አናቱ ላይ ስንደርስ ሁሉም ጸጥ አለ። እግሬም አላመመኝም።»

«ከዚያስ?» አልኳት።