ድምፁ የማይሰማ ጊታር

ይህ የደረሰብኝ በ2006 ዓ.ም. በሁዳዴ ጾም፣ ደባርቅ ላይ ነው። በአንዲት ትንሽ የሙዚቃ ዕቃ የተነሳ ጎረቤቴ ልትሞት፣ እኔም ደጄ ላይ ተቀጥቅጬ ልቀር ምንም አልቀረንም ነበር። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ አንድ ዓመቴ ስለሆነ አጻጻፌ ቢሻክር ታገሱኝ። ባትታገሱም እጽፈዋለሁ።

ሥራዬ ብየዳ ነው፤ የብረት በርና መስኮት እሠራለሁ። አባቴ ዳባት አጠገብ ማረሻና ማጭድ የሚቀጠቅጥ ሰው ነበር። በእኛ አገር እንዲህ ያለውን ሰው "ባለ እጅ" ይሉታል። ባለ እጅ ሲሉ ቡዳ ማለታቸው ነው። ማረሻህን ይገዙልሃል፣ ልጃቸውን ግን አይድሩልህም። ደባርቅ የገባሁት አባቴን ማንም በማያውቅበት ልኖር ብዬ ነበር። ዳባት ግን ቅርብ ነው፤ ወሬው ቀድሞኝ ገብቶ ጠበቀኝ።

ጊታር ያስተማረኝ ሆቴል ውስጥ ይጫወት የነበረ ሰው ነው። ከተማውን ሲለቅ አሮጌ የኤሌክትሪክ ጊታሩን ከነአምፕሊፋየሩ ለእኔ ትቶልኝ ሄደ። አምፕሊፋየሩ ግቢውን ያናጋው ነበር። ጾም ሲገባ ጎረቤቶቼ "በሁዳዴ ዘፈን?" አሉ። እውነታቸውን ነው። ግን ጣቴ ሁለት ወር ቢያርፍ የለመደውን ሁሉ ይረሳል። ደግሞ ራሴ ያወጣኋቸው ሁለት ዜማዎች ነበሩኝ፤ ሳልሞት ቤቴ ቀርጬ ላስቀምጣቸው እፈልግ ነበር።

ጎንደር ወርጄ አንድ የሙዚቃ ዕቃ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ነው። "የሚያስፈልግህ ሞዴለር ነው" አለኝ። የትልልቅ አምፕሊፋየሮችን ድምፅ የሚያስመስል ትንሽ ሣጥን ማለት ነው። ሦስት አወጣልኝ። አንደኛው በእግር የሚረገጥ፣ ውድ፣ መቶ ዓይነት ድምፅ ያለው ነው። መቶ ድምፅ ምን ያደርግልኛል? ሁለተኛው ርካሽ ነው፤ ሲነካ ግን ቆርቆሮ ውስጥ የገባች ንብ ይመስላል። ሦስተኛው ጡብ ያክላል። በባትሪ ይሠራል፤ መብራት ለሚጠፋበት አገር እሱ ብቻውን ይበቃል። ኮምፒዩተር ላይ በገመድ ተሰክቶ ይቀርጻል። የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳም አለው። ቀስ ብዬ ስነካው ለሰለሰ፣ ጠበቅ ሳደርገው አጉረመረመ። እሱን መረጥኩ።

ሻጩ ስጫወት ቆሞ ሰማኝና "አንተማ ባለ እጅ ነህ!" አለ።

ጊታሩን አስቀምጬ አንገቱን ልይዘው ነበር። ፊቱን ሳየው ይስቃል። ለካ እያደነቀኝ ነው።

ከዚያ በኋላ ከሥራ ስገባ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ እጫወታለሁ። እኔ ጆሮ ውስጥ ድምፁ ይሞላል፣ ውጭ ላለ ሰው ግን ጭጭ ነው። ማንንም አልረበሽኩም ብዬ ኮርቼ ነበር።

አንድ ቀን ዓይኔን ስገልጥ አለሚቱ መስኮቱ ላይ ቆማ ታየኛለች። አለሚቱ የጎረቤቴ የታደገ ሚስት ናት፤ ሊማሊሞን ወርዳ ዛሪማ ቆላ ድረስ እየሄደች በርበሬ የምትነግድ። ያየችው ምን ነበር? ጆሮው የታሰረ፣ ዓይኑን የጨፈነ፣ ከንፈሩ የሚንቀሳቀስ፣ ጣቱ የሚርገበገብ፣ የታቀፈው ጊታር ግን ድምፅ የሌለው ሰው። የባለ እጅ ልጅ። አማተበችና ሄደች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ ይሸተኝ ጀመር። ሴቶቹ ሳልፍ ማሰሮአቸውን ይከድናሉ። አንዷ ልጇን በነጠላዋ ሸፈነች። ባለ ሱቁ ዕቃዬን እጄ ላይ መስጠት ትቶ ባንኮኒው ላይ ይገፋልኝ ጀመር። ማንም ምንም አይለኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በሳምንቱ አለሚቱ ወደቀች። ከግድግዳው ማዶ እሰማለሁ። በጭስ አጥነው ያስለፈልፏታል።

"ማነህ? ከየት መጣህ?"

"ከ... ጎረቤት" አለች። የእሷ ድምፅ አይመስልም።

በቀትር መጡ። ሰባት ስምንት ወንዶች፣ ሁሉም ዱላ ይዘዋል። ታደገ ከፊት ነው፤ ያለቅሳል።

"መላኩ፣ በመድኃኔ ዓለም! ልቀቃት!"

"ምኗን ነው የምለቀው?"

"ና፣ ትፍ በልባት። ከሞተች ግን አንተም አታድርም" አለ ከኋላ አንዱ።

ቡዳ በልቶታል የሚሉትን ሰው ቡዳው ራሱ ምራቁን ትፍ ካለበት ይድናል ይላሉ። ትፍ ካልኩ ቡዳ ነኝ ብዬ ማመኔ ነው። እምቢ ካልኩም ዱላው አለ።

ገባሁ። ሴትዮዋ በሦስት ጋቢ ተሸፍና ጥርሷ ይንቀጫቀጫል፤ ግንባሯ ግን ፍም ነው። የዓይኗ ነጭ ቢጫ ሆኗል።

"ከዛሪማ መቼ ተመለሰች?"

"አሥራ አምስት ቀን ይሆናታል። ምን አገባህ?"

"ወባ ነው፣ እናንተ! ጤና ጣቢያ ውሰዷት!"

"ደባርቅ ላይ ምን ወባ አለ!" ሳቁብኝ። ደባርቅ ብርድ ነው፤ ወባ የቆላ ነው። ትንኟ የነከሰቻት ግን ቆላ ነው። ይህን ማን ይስማኝ።

የሚሰሙኝ በአንድ ነገር ብቻ እንደሆነ ገባኝ። ጎንበስ ብዬ ትፍ፣ ትፍ፣ ትፍ አልኩባት።

"ለቅቄያታለሁ" አልኳቸው። "ግን የእኔ ምራቅ መርፌ ካልተጨመረበት አይሠራም። አሁኑኑ ካልወሰዳችኋት ተመልሼ እይዛታለሁ።"

በቃሬዛ ይዘዋት ሲሮጡ ማየት ነበር። ጤና ጣቢያ ደሟን አዩት፤ ወባ። ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ አትደርሱላትም ነበር አሏቸው።

ዳነች። ከተማው ምን አለ? "መላኩ ለቀቃት!" ወባውን ያነሳ ሰው የለም።

ለፋሲካ አለሚቱ ዕንቁላል ይዛልኝ መጣች። "ያን ቀን ምን ነበር የምታደርገው?" አለች። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረግሁላትና ከቀረጽኩት አንዱን ከፈትኩላት። እስኪያልቅ ሰማች።

"ይኸው ነው?"

"ይኸው ነው።"

እንባዋን ጠረገች። ዕንቁላሉን ግን እጄ ላይ አልሰጠችኝም፤ መሬት አስቀምጣልኝ ወጣች።

ማዳመጫውን በዚያው ቀን በመቀስ ቆረጥኩት። ሣጥኑ አሁንም አለኝ፤ ካሮጌው አምፕሊፋየር ጋር አገናኝቼ አስጮኸዋለሁ። በሁዳዴም አስጮኸዋለሁ። "ከሐዲ" ይሉኛል፤ ይበሉኝ። ከሐዲ ተብሎ በዱላ የሚፈለግ ሰው አላየሁም።

አለሚቱ በመትረፏ ደስ ይለኛል። ትፍ በማለቴ ግን እስከ ዛሬ አፌን ይመረኛል። አንዳንዴ ያ የጎንደሩ ሻጭ ትዝ ይለኛል። "ባለ እጅ" ብሎ ፊት ለፊቴ ፈገግ ያለ ሰው እሱ ብቻ ነው፤ እሱም ምን እንዳለ አያውቅም።