ሰው የሌለበት ፎቶ

ባለቤቴ ጀውሃራ፣ ሚዛን ተፈሪ ከተማ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ ፎቶ ቤት ነበራት። የጅማ ልጅ ናት፤ ካሜራ መያዝ የተማረችው ከአጎቷ ነው። ወደ አኼራ ከሄደች ሁለት ዓመት አለፈ። ሰዎች አሁንም ስለ እሷ ሲያወሩ የሚያወሩት ስለ ሰርግ ፎቶዎቿ ነው። እኔ ግን ብዙ ጊዜ ትዝ የሚሉኝ ቢራቢሮዎቹ ናቸው።

ነገሩ የመጣው በፊልም ምክንያት ነው። በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ የከለር ፊልም የምናሳጥበው ጅማ ነበር። ለአውቶቡሱ ረዳት እንሰጠዋለን፤ ታጥቦ በዚያው አውቶቡስ ይመለሳል። ፊልሙ ሳያልቅ ግን አይላክም። የመታወቂያ ፎቶ የቸኮለበት ደንበኛ ሲያጣድፋት ጀውሃራ ካሜራዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ የቀረውን ፊልም ለመጨረስ ወደ አማን በሚወስደው መንገድ፣ ምንጭ ዳር ወዳለው የቡና ማሳ ትወርዳለች። መጀመሪያ ያገኘችውን ነበር የምታነሳው፤ ዶሮም፣ የሰው አጥርም። ዝናቡ አባርቶ ቡናው መቅላት ሲጀምር ግን ምንጩ ዳር እርጥቡ ጭቃ ላይ ቢራቢሮዎች ይሰፍራሉ። እነሱን ካየች ወዲያ ሌላ ነገር ማንሳት ተወች። እንደ ደንበኛ ታናግራቸው ነበር።

«ቀና በይ። ትንሽ ዞር። አይ፣ አሁን አበላሸሽው!»

ከሁሉም አንዷን ወደደች። ክንፏን አጥፋ ስትቀመጥ የደረቀ ቅጠል ትመስላለች፤ ስትዘረጋው ግን ውስጡ ሰማያዊ ነው፤ ያውም ፀሐይ ሲያገኘው የሚበራ። ጀውሃራ ይህችን ቢራቢሮ ክንፏን እንደዘረጋች አንስታ፣ ፎቶ ቤቱ መስታወት ውስጥ ከሙሽሮቹ መካከል ልትሰቅላት ቆርጣ ተነሳች። ይህን ያወቀው ጎረቤታችን ቡና ነጋዴው ጋሽ ኢሳይያስ አላስቀምጥ አላት።

«ጀውሃራ፣ ሙሽራዋ ዛሬም ቀረች?»

«ትመጣለች ጋሽ ኢሳይያስ። እርስዎ ብቻ ዓይንዎን ያዘጋጁ።»

«ሰማያዊ ቢራቢሮ! እዚህ አገር ቡና ስገዛ ፀጉሬ ሸበተ፤ አንድም ቀን አላየሁም።»

«መሬት መሬቱን እያዩ ስለሚሄዱ ነዋ፤ ሳንቲም ወድቆ እንደሆን ብለው።»

ይስቃል። እሷም ትስቃለች። ፎቶው ግን አልመጣም። ከጅማ የሚመለሰው ፖስታ ሲከፈት ባለ መታወቂያዎቹ አሉ፣ ሙሽሮቹ አሉ፤ ቢራቢሮ የለም። አንዴ ሳይሆን በተደጋጋሚ። ጀውሃራ ጥፋቱ የራሷ መሰላት። ብርሃኑን አላወቅኩበትም፣ እጄ ይንቀጠቀጣል ማለት ጀመረች። ቡና ውስጥ መውረዱንም ተወችው፤ የፊልሙን ጭራ በር ላይ ቆማ መንገዱን እያነሳች ትጨርሰው ነበር። ፎቶ ስታነሳ ደስ ሳይላት ያየኋት ያን ሰሞን ብቻ ነው።

ፊልም ለመግዛት ጅማ ስትወርድ አብሬያት ሄድኩ። የሚያጥብልን ሀምዳን የሚባል ትሁት ሰው ነበር። ቢራቢሮዎቹ የት እንደደረሱ ስትጠይቀው ግራ ተጋባ።

«ሰው የሌለበትን ፎቶማ ወረቀት ላይ አላወጣም» አላት። «ሳይታወቅሽ የተጫነ ነው ብዬ እኮ ነው። ለምን በከንቱ ትክፈል ብዬ አዝኜልሽ!»

«ታዲያ ቢራቢሮውን አላየህም?»

«እኔ ያየሁት ቅጠል ነው።»

ጀውሃራ ሳቋን መያዝ አቃታት። ለካ እጇ ደህና ነው። ከእንግዲህ ሁሉንም እንዲያወጣ ነገረችው። እሱም እሺ አለ፤ «ግን እኔ በሌለሁ ጊዜ ሠራተኞቹ የለመዱትን ነው የሚሠሩት» አለ።

ስንመለስ አውቶቡሱ ቦንጋ ላይ ቆመ። ጀውሃራ ዞር ብላ አየችኝ።

«ናስር፣ እንግዲህ ፎቶው ውስጥ ሰው መግባት አለበት።»

«ማን?»

በካሜራ እንደምታየኝ አንድ ዓይኗን ጨፍና ትከሻዬን ትለካ ጀመር።

በሳምንቱ ምንጩ ዳር አቆመችኝ። ቢራቢሮዋ የበሰበሰ ሙዝ እንደምትወድ ታውቅ ነበርና፣ ሙዙን ጨፍልቃ ሸሚዜ ትከሻ ላይ ለቀለቀችው። መጀመሪያ ዝንቦቹ መጡ። ቀጥሎ ጉንዳን በአንገቴ በኩል ገባ።

«እንዳትነቃነቅ» አለችኝ።

«ጉንዳን ነው እኮ ጀውሃራ!»

«ሙሽሮቹም ጫማ ይጠባቸዋል፤ ይችሉታል።»

ፊልሙ ላይ የቀረው የመጨረሻው ፎቶ ነበር። የዓለምዘርፍ የምትባል የጤና ጣቢያ ነርስ ለሥራ ዝውውር ፎቶዋን ስለምትፈልግ በማግስቱ መላክ ነበረበት። ያላት ሌላ ፊልም ደግሞ ለሰርግ ተይዟል፤ ቡናው ተለቅሞ ካለቀ ቢራቢሮዋ አትገኝም። ብዙ ቆየን። በመጨረሻ መጥታ ትከሻዬ ላይ አረፈች፤ ክንፏ ግን እንደታጠፈ ነው። ደመና መጣ። ጀውሃራ ካሜራውን ዓይኗ ላይ እንዳደረገች ትንፋሿን ዋጠች፤ እኔም የራሴን ዋጥኩ። ደመናው ሲያልፍ ጆሮዬ ሥር አንዳች ነገር ቀስ ብሎ ሲዘረጋ ተሰማኝ፤ ካሜራውም ቀጭ አለ።

ፖስታው የመጣ ዕለት ሁለታችንም መናኸሪያ ቆመን ጠበቅን። ረዳቱ ከአውቶቡሱ ወርዶ ለጀውሃራ መልእክት አደረሰ።

«ጅማ ያሉት ይቅርታ ብለዋል። ናስር ትከሻ ላይ ሰማያዊ እድፍ ወጥቷል፤ የፊልሙ ጥፋት ነው እንጂ የእኛ አይደለም ብለዋል።»

ጀውሃራ ፖስታውን እዚያው ቀደደችው። እኔ ፎቶ የተነሳሁ አልመስልም፤ ጭጋግ ውስጥ የቆመ ሰው ነኝ፣ አፍንጫዬን እንኳ መለየት ያስቸግራል። ትከሻዬ ላይ ግን ያች ቢራቢሮ ክንፏን ዘርግታ ጥርት ብላ ተቀምጣለች። ጀውሃራ አንድ የተሳፋሪ ጆንያ ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

ጋሽ ኢሳይያስ መነጽሩን አድርጎ ብዙ አየው።

«እውነትም ሰማያዊ ናት» አለ። «ናስር ምን ሆኖ ነው ግን እንዲህ የደበዘዘው?»

«እሱ ደህና ነው፤ ቤት ውስጥ አለ» አለችው።

ፎቶውን በዚያው ቀን ከሁለት ሙሽሮች መካከል ሰቀለችው። ደንበኛ ቆሞ ሲያይ ሁልጊዜ ይጠይቃት ነበር፤ ይሄ ሰውዬ ማነው?

«እሱማ» ትላለች ጀውሃራ፣ «ቢራቢሮዋ ያረፈችበት ነው።»