አማቴ እና የእህቴ ጥንቸል

አማቴ ፒልሱን ሠላሳ ዓመት ቹንቾን ከተማ ገበያ ላይ ደረቅ ዓሣ የሸጡ ሴት ናቸው። ከዚያ በፊት ገጠር ሳሉ ጥንቸል ያረቡ ነበር። ለምን መሰላችሁ? ለወጥ! ቆዳውን ደግሞ ለጆሮ መሸፈኛ። እህቴ ሚህዋ ሆስፒታል ስትገባ ጥንቸሏን ዱቡን አደራ ስትለኝ፣ እንግዲህ ማንን ልጠርጥር?

«ወፍራም ናት» አሉ ገና ሲያዩዋት።

«እማማ፣ ይቺ ለወጥ አይደለችም!»

«ለወጥ ናት ያለ አለ? አንቺ ደግሞ ነገር መፈለግ ትወጃለሽ።»

እኔ ግን አላመንኳቸውም። እኛ ጋ መኖር ከጀመሩ ሦስት ወር ሆኗቸው ሻንጣቸውን እንኳ አልፈቱም፤ በር ሥር እንደተቆለፈ ተቀምጧል። ምን ደብቀውበት ይሆን እላለሁ።

ለዱቡ መስኮቱ አጠገብ ጸጥ ያለ ጥግ መረጥኩላት። ከአንዱ ብትፈራ በሌላው እንድትወጣ ካርቶን ላይ ሁለት በር ቀደድኩ። የባለቤቷን ጠረን ስታገኝ ትረጋጋለች ብዬ የእህቴን ያልታጠበ ሹራብ አነጠፍኩላት። ሳልነካት፣ ወለሉ ላይ በደረቴ ተኝቼ ጠበቅኋት። መጥታ ጣቴን አሸተተች። ደስ ሲል!

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ካርቶኑ ቦታው ላይ የለም፤ ማዶ ያለው ግድግዳ ሥር ሄዷል። መለስኩት። በሦስተኛው ቀን ደግሞ እዚያው ግድግዳው ሥር! ዱቡ በኋላ እግሯ ወለሉን ትደበድባለች፣ ድርቆሿን አልነካችም። የእንስሳት ሐኪም ጋ ስደውል «ጥንቸል ቀኑን ሙሉ ካልበላች አንጀቷ ይቆማል፣ ትሞትብሻለች» አለኝ። ሚህዋ ደግሞ በደወለች ቁጥር መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ስለ ዱቡ ነው። ምን ልበላት?

በነጋታው እጅ ከፍንጅ ልይዛቸው በምሳ ሰዓት ድንገት መጣሁ።

ያዝኳቸው። ካርቶኑ ያው ግድግዳው ሥር፣ ወለሉ በጣም በሚግልበት፣ ራሳቸው ሁልጊዜ በሚቀመጡበት ቦታ ላይ ነው። ከወለሉ ሥር ያለውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ከፍተውታል፤ ካርቶኑ ላይ የራሳቸውን ብርድ ልብስ ደርበዋል። እሳቸው ካፖርት ለብሰው በር ሥር፣ ብርዱ ላይ፣ የሚያማቸውን ጉልበት ያሻሉ። ዱቡ ጆሮዋ ቀልቶ ታለከልካለች።

«እማማ! ሊቀቅሏት ነው እንዴ? ይሄን ሁሉ ፀጉር ለብሳ!»

«እንግዳ አይደለች? እንግዳ ብርድ ላይ ይቀመጣል?»

«ገጠር ያረቧቸው ጥንቸሎች ውጭ በረዶ ላይ አልነበር የሚያድሩት?»

«እነዚያማ ለወጥ ናቸው። ይቺ እኮ ሰው ቤት ነው የመጣችው።»

ካርቶኑን ወደ መስኮቱ መልሰን፣ ማሞቂያውን ዝቅ አድርገን ጎን ለጎን ተቀመጥን። ከብዙ ቆይታ በኋላ ዱቡ አንድ ድርቆሽ ጎተተች፣ ከዚያ ሌላ። አልደብቃችሁም፣ አለቀስኩ።

«እኔ ተድሬ አማቴ ቤት የገባሁ ጊዜ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ሞቃቱ ጋ ተቀመጪ ያለኝ አንድ ሰው አልነበረም።»

ዓይኔ ሻንጣው ላይ አረፈ።

«እማማ፣ ሻንጣዎን ለምን አልፈቱም?»

«ማን ፍቺው አለኝ?» አሉ፣ ዓይናቸውን ከዱቡ ላይ ሳይነቅሉ።