የክፍል አራቱ ጋሼ ዘመን

ተማሪዎቹ ጋሼ ዘመን ይሏቸው ነበር። የእንግሊዝና የአሜሪካ ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምሩ ወሬያቸው ሁሉ «በዚያ ዘመን» ብሎ ነው የሚጀምረው፤ ልጆቹ ምን ያድርጉ፣ ስም አወጡላቸው። እኔ የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ ነኝ። የሳቸውን ማስታወሻ ሃያ ሁለት ዓመት ተይቤያለሁ። አንድ ልቦለድ እስከ መጨረሻው ሳላነብ፣ ሮማንቲኮቹ የፋብሪካውን ጭስ ሸሽተው ወደ ሐይቁና ወደ ገዛ ስሜታቸው እንደገቡ፣ ሪያሊስቶቹ ደግሞ «ኧረ ተዉ፣ መጀመሪያ የሰፈሩን ጭቃ እዩ» እንዳሉ ጠንቅቄ አውቃለሁ።

ዓይናቸው መድከም የጀመረው ሚስታቸው በሞቱ በዓመቱ ነው። መጀመሪያ ፊደሉ ጠፋ፣ ቀጥሎ የሰው ፊት፤ በመጨረሻ ብርሃንና ጥላ ብቻ ቀረላቸው። ይህን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። አንድ ቀን በሩን ዘግተው፣ «አስተዳደሩ ከሰማ ከክፍል ያስወጡኛል» አሉኝ። «ከክፍል ከወጣሁ ደግሞ ቤቴ ገብቼ ከግድግዳ ጋር ላወራ ነው። ሌላ ምን አለኝ? አደራሽን።» እኔ ደግሞ አደራ ከተባልኩ አለቀልኝ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከሰው ሁሉ ቀድመን እንገባለን። በሩን ቆልፌ የዕለቱን ማስታወሻ አነብላቸዋለሁ፣ ማስታወቂያ ካለም እነግራቸዋለሁ፤ እሳቸው በቃላቸው ይዘው ይወጣሉ። ከቢሮዬ እስከ ክፍል አራት ሠላሳ ዘጠኝ እርምጃ ነው፤ ቆጥረውታል። የቀሩትን እያየች የምትመዘግበው የክፍሉ አለቃ የሆነች ልጅ ናት። የፈተናውን ወረቀት እኔ አነባለሁ፣ ማርኩን እሳቸው ይናገራሉ። ሰው ሁሉ «ወረቀት እንኳ ሳይዙ እኮ ነው የሚያስተምሩት!» እያለ ያደንቅ ነበር። እኛ በሆዳችን እንስቃለን።

አንድ ማክሰኞ ታዲያ ሳነብ ሁለት ገጽ አብሬ ገለጥኩ። በአሜሪካ ትልቅ ከተማ ጥቁሮቹ ደራስያን አንድ ሰፈር ተሰባስበው የራሳቸውን ድምፅ ያወጡበት እንቅስቃሴ እንዳለ ተዘለለ። ክፍል ውስጥ አለቃዋ፣ «መምህር፣ ዛሬ ስለ ጥቁሮቹ ደራስያን ነው የምንማረው ብለውን አልነበር?» ብትላቸው ጊዜ ተደናበሩ። ሲመለሱ ፊታቸው ጠቁሯል።

«ዓይን ያላት ሰው ገጽ ትዘላለች?» አሉኝ።

ወይ ጉድ! ለማን ብዬ ነው ዓይኔን የማጠፋው? «እንግዲያው ከኔ የተሻለ ዓይን ያለው ሰው ይፈልጉ» አልኳቸው። ይህን አፌን በቆረጠው! እርምጃቸውን እየቆጠሩ ወጡ።

በማግስቱ ማልጄ ስገባ ከአስተዳደር ትእዛዝ መጣ፤ የክፍል አራት ጣሪያ ስለሚጠገን ተማሪዎቹ ክፍል አሥራ አንድ ይግቡ ይላል። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፤ ለኔ ማስታወቂያ አዋሱኝ። ራሴ ተየብኩት፣ ራሴ ክፍል አራት በር ላይ ለጠፍኩት። ጎራ ሲሉ እነግራቸዋለሁ፣ ግን ይቅርታውን እሳቸው ይቅደሙ፣ እኔስ አልለምንም አልኩ። ኮቴያቸው በበሬ ሲያልፍ ሰማሁ። አልቆሙም። እኔም አልተነሣሁም። ክፍሉ ባዶ መሆኑን ሲያውቁ መመለሳቸው አይቀርም፣ ያኔ እንታረቃለን ብዬ ተቀመጥኩ።

አልተመለሱም። ቢጨንቀኝ ሄጄ በመስኮት አየሁ። ጣሪያ ጠጋኞቹም ገና አልመጡም፤ ያለው ሠላሳ ስድስት ባዶ ወንበር ነው። ጋሼ ዘመን ፊታቸውን ወደ ወንበሮቹ አዙረው ስለ ሞደርኒስቶቹ ያስተምራሉ፤ ከትልቁ ጦርነት በኋላ ዓለም ስለተሰባበረባቸው ዐረፍተ ነገሩንም ሰባብረው ስለጻፉት ሰዎች። ከስሱ ግድግዳ ማዶ፣ ጎረቤት ክፍል፣ ሰው ያስላል። እሳቸው የሚያስለው የራሳቸው ተማሪ መስሏቸው እስኪያበቃ ይጠብቁና ይቀጥላሉ። ገብቼ «ጋሼ፣ ማንም የለም» ማለት ነበረብኝ። ወደ ቢሮዬ ተመለስኩ። ፈሪ ነኝ፤ ሌላ ስም የለውም።

ሲጨርሱ ፊታቸው ፈክቶ ቢሮዬ ገቡ። «ትናንት ክፉ ተናገርኩሽ፣ እርሺው» አሉኝ። «ዛሬ እንዴት ጸጥ ብለው እንደሰሙኝ ብታዪ! አንድ እንኳ የሚያንሾካሹክ የለም።»

«እሰየው ጋሼ» አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ጋሼ ቢሮዬ ተቀምጠው ሳለ አለቃዋ ብቅ አለች። ዓይኔን ባፈጥባት፣ ብጠቅሳት፣ ማን ሊያየኝ። «መምህር፣ ክፍል አሥራ አንድ ስንጠብቅዎት ቀሩብን እኮ። አሞዎት ነበር?»

የጠረጴዛዬን ጠርዝ ፈልገው ያዙ። «አዎ ልጄ» አሉ በኋላ፣ «ትንሽ አሞኝ ነበር።»

ልጅቷ ከወጣች በኋላ ወደ እኔ ዞሩ። «ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ለመንኳቸው፣ አለቀስኩ። እዚያው ተቀምጠው የመልቀቂያ ደብዳቤ አስተየቡኝ። ምክንያቱ ላይ «ጤና» ብቻ በዪ አሉ። የሚፈርሙበት ቦታ ላይ እጃቸውን ያሳረፍኩት እኔ ነኝ።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታቸው እሄዳለሁ። አነብላቸዋለሁ፣ እሳቸው ደግሞ ያነበብኩትን ያስተምሩኛል። አንድ ዐረፍተ ነገር ይናገሩና ይቆማሉ።

«አለሽ?»

«አለሁ ጋሼ።»

ሌላ ይጨምራሉ። «አለሽ?» እንዲህ ሆኖ ትምህርት የት ይደርሳል? ድሮ በአንድ ክፍለ ጊዜ የሚጨርሱት ሦስት ቅዳሜ ፈጀብን። ባለፈው ሳምንት እንባዬን ስጠርግ መልሴ ዘገየ። ንግግራቸውን አቋርጠው ብድግ አሉ፤ በሁለት እጃቸው አየሩን እየዳሰሱ መጡ። ትከሻዬን እስኪያገኙ ድረስ አልተቀመጡም።